መዝገብ ያልያዘው ኪሳራ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ትንሽ ነጋዴ እና የአደጋ ጊዜ ብድር

ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ደሴ መግባታቸው ተሰማ። በተከታዮቹ ቀናት ውጊያው ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ጥቅምት 23 በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሁለቱ ከተሞች በመንግሥት እጅ መመለሳቸው የተነገረው ህዳር 27 ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ከአምስት ሳምንት ብዙም አይበልጥም። በታሪክ ሚዛን አጭር ነው። ሱቁን ቆልፎ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ለሸሸው ነጋዴ ግን ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ጥሪት የባከነበት ወቅት ነው።

በእነዚያ ሳምንታት ስለጠፋው ንብረት ብዙ ተጽፏል። ከተሞቹ በተመለሱ በሁለት ቀናት ውስጥ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖቹ በመዘረፋቸው በደሴና በኮምቦልቻ እደላ ማቋረጡን የተባበሩት መንግሥታት ቃል አቀባይ ተናገሩ። የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎቹን አጣ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢው ተዘረፈ፤ የደሴ ሙዚየምም እንዲሁ። ኮምቦልቻ ላይ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክና በዙሪያው ያሉ ፋብሪካዎች ጉዳት ደረሰባቸው። የጉዳቱን ዝርዝር ዛሬ ማገላበጥ የምንችለው እነዚህ ድርጅቶች የንብረት መዝገብ፣ ሒሳብ ሹምና ማኅተም ስላላቸው ነው። የጎደለባቸውን ከነበራቸው ጋር አስተያይተው ማሳየት ይችሉ ነበር።

በደሴ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር፣ ከሳላይሽ እስከ ሙጋድና ሰኞ ገበያ ያለው ሱቅ በሙሉ እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረውም። ጨርቅ ሻጩ፣ የሞባይል ጠጋኙ፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ የልብስ ሰፊው፣ የግንባታ ዕቃ ቸርቻሪው ስንት ዕቃ እንደነበረው የሚያውቀው በልቡ ነው። የሚሰጠው ዱቤና የሚከፍለው ዕዳ ቢበዛ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ሰፍሯል፤ ደብተሩም ከሱቁ ጋር ሄዷል። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ጥያቄ ጠባብ ነው። አደጋ ሲደርስ መንግሥት ትንሹን ነጋዴ በብድር መልሶ የሚያቆምበት አሠራር በወሎ ምን ዓይነት ታሪክ አለው? መልሱን ስፈልግ ደጋግሞ የገጠመኝ የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ የማስረጃ እጥረትም ነው።

ደሴ የንግድ ከተማ ከሆነች ቆየች። ንጉሥ ሚካኤል መቀመጫቸው ካደረጓት ወዲህ ከሰሜን ወደ ሸዋ የሚወርደው መንገድ ማረፊያ፣ የወሎ ጠቅላይ ግዛትም ዋና ከተማ ሆናለች። ኮምቦልቻ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ወደ ቆላው ወርዳ፣ መኪናና ፋብሪካ የሚመቻት ታናሽ እህቷ ናት። ፒያሳ የሚለው ስም የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ቅሪት ነው። ያ ዘመንም ለደሴ ነጋዴ በእሳት ነበር የጀመረው፦ ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋ ውስጥ ሳሉ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ብዙ ቤት ተቃጠለ። በ2014 ደሴ መልሳ የተያዘችበት ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ከዚያ ድብደባ ቀን ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ዲሴምበር 6 ላይ ውለዋል። መገጣጠሙ ምንም አያስረዳም። ለከተማዋ ታሪክ ቅርብ ለሆነ ሰው ግን ሳያዩ ማለፍ ይከብዳል።

በወሎ ታሪክ ትልቁ አደጋ ረሃብ ነው። የመንግሥት የአደጋ ጊዜ ተቋምም የተወለደው ከዚያ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። በጥቅምት 1966 ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ መንግሥት ይሸፍነው የነበረው ነገር አደባባይ ዋለ፤ በዚያው ዓመት የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1977ቱ ረሃብም የእህሉን እደላ ሲመራ ስሙን ዓለም አወቀው። በኋላ ስሙና መዋቅሩ ብዙ ጊዜ ተለወጠ፤ የሥራው እምብርት ግን ያው ነው፦ እህል፣ ዘይት፣ ድንኳን፣ መድኃኒት።

ይህን የምጽፈው ልወቅስ ብዬ አይደለም፤ የተራበ ሰው መጀመሪያ መብላት አለበት። ነገር ግን ስለዚያው የወሎ ረሃብ የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በፈረንጆች 1981 ባሳተመው ጥናት ያገኘው ነገር ለእኛ ጥያቄ መሠረታዊ ነው። ሴን የደሴን የእህል ዋጋ ተመልክቶ፣ ሰው በገፍ በሚሞትበት ዓመት ዋጋው ከድርቁ በፊት ከነበረው ብዙም እንዳልራቀ አሳየ። ገበያው ላይ እህል ነበር፤ መግዣው ገንዘብ ግን ከሰው እጅ ጠፍቷል። በእርዳታ ጣቢያዎቹ ከታዩት መካከልም ገበሬና አርብቶ አደር ብቻ አልነበሩም፤ ሸማኔዎች፣ ሌሎች የእጅ ሙያተኞች፣ በከተማ በአገልግሎት ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶችና የቀን ሠራተኞችም ነበሩ። ገበሬው ጋቢ መግዛት ሲያቆም የሸማኔው ቤት ይራባል። አደጋ የከተማውን ትንሽ ሥራ የሚገድለው ደንበኛውን በመግደል ጭምር ነው ማለት ነው። እህል የሚያድል ተቋም ይህን ሁለተኛ ሞት የሚያክምበት መሣሪያ አልነበረውም።

መሣሪያው የመጣው ከእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው። ዛሬ አመልድ (አማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት) የምንለው ድርጅት ሥሩ በ1977ቱ የድርቅና የጦርነት ዘመን የእርዳታ ሥራ ላይ ነው። በ1988 ዓ.ም. አነስተኛ የብድርና የቁጠባ ሥራ በሥሩ ጀመረ። በዚያው ዓመት አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 40 ወጣ፤ በ1989 የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ የሚለው፣ ፈቃድ አግኝቶ ራሱን ቻለ። ደንበኞቹ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደርሰው በአፍሪካ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ፤ ቆይቶም ወደ ባንክነት አድጎ ጸደይ ባንክ ተባለ። ለወሎ ታሪክ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባንክ ደጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ቤትም መኪናም ሳያስይዝ፣ በመንደሩ ተበዳሪ ሆነ።

ያለ መያዣ ማበደር የተቻለው በቡድን ዋስትና ነው። ጥቂት ጎረቤታሞች ተቧድነው ይበደራሉ፤ አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ይከፍሉለታል። ይህ አሠራር አገራዊ ሥር አለው፤ ዕቁብ ያደገበት ሕዝብ መተማመንን እንደ ንብረት ይቆጥራል። የአንዷ ልጅ ቢታመም፣ የሌላው በሬ ቢሞት ቡድኑ ይሸከማል። እዚህ ላይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የቡድን ዋስትና የተሠራው ለአንድ ሰው መከራ ነው። ሁሉም በአንድ ሌሊት ሲዘረፉ ዋሱም ተበዳሪውም እኩል ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ዕቁቡም እንዲሁ ነው፤ ዕጣ ያልወጣለት ዕቁብተኛ ገንዘቡ በሌሎች እጅ ነበር፣ የሌሎች እጅ ደግሞ ተራቁቷል። ከሰማይ በታች ያለ የመንደር ዋስትና ሁሉ አንድ ከተማ ሙሉ የሚወድቅበትን አደጋ አይችለውም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ከከተማው ውጭ ያለ ትከሻ ያስፈልጋል፤ ያም ትከሻ መንግሥት ነው።

መንግሥት በብድር ጣልቃ የገባባቸው ሁለት አጋጣሚዎች ከጦርነቱ በፊት አሉ። የመጀመሪያው የ2008ቱ ሕዝባዊ ተቃውሞ ያስከተለው ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ10 ቢሊዮን ብር ተቋቋመ፤ ገንዘቡም በየክልሉ ባሉ አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት በኩል ለተደራጁ ወጣቶች እንዲደርስ ተደረገ። የአደጋ ብድር ተብሎ አልተሰየመም፤ ዓላማውም ሥራ አጥነትን መቀነስ ነበር። ሆኖም አንድ ቁም ነገር አሳይቷል፦ መንግሥት ሲፈልግ ገንዘብ መድቦ፣ በአዋጅ ደግፎ፣ በነባር ተቋም በኩል እስከ ቀበሌ ማድረስ ይችላል።

ሁለተኛው ኮሮና ነው። በመጋቢት 2012 ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች የደንበኞቻቸውን ብድር እንዲያሸጋሽጉ 15 ቢሊዮን ብር አቀረበላቸው። በሚያዝያ ደግሞ ከ2007 በጀት ዓመት በፊት የነበረ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዕዳ ላይ የነበረ ወለድና ቅጣት ተነሣ፤ ሥራ ቆሞባቸው ደመወዝ መክፈል የቀጠሉ ድርጅቶች ከሠራተኛው የሚቆርጡትን የአራት ወር የሥራ ግብር እንዳይከፍሉ ተፈቀደ። እርምጃዎቹ ፈጣን ነበሩ፤ ለዚያ ምስጋና ይገባል። የባንክ ተበዳሪ የሆነው ሆቴል፣ የአበባ እርሻና አስመጪ ፋታ አገኘበት። የግብር ዕዳ ምሕረቱ የጠቀመውም የተመዘገበ ዕዳ ያለበትን ነው። የፒያሳ ቸርቻሪ በአብዛኛው የባንክ ተበዳሪ አይደለም፤ ደመወዝ ተከፋይ ሠራተኛም የለውም፤ ሱቁን የሚጠብቀው ልጁ ወይም ወንድሙ ነው።

እንግዲህ ወደ 2014 እንመለስ። ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የብድር ገበያው ራሱ ታሞ ነበር። በነሐሴ 2013 ብሔራዊ ባንክ ባንኮች በመያዣ የሚሰጡትን ብድር ላልተወሰነ ጊዜ እንዲያቆሙ አዝዞ ነበር። ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልቶ ነበር፤ ዋጋ ንሯል፤ መንገዱ ወደ ሰሜን ተዘግቷል። ነጋዴው ሱቁን ቆልፎ የወጣው ሙሉ አቅሙ ላይ ሆኖ አልነበረም።

ከተሞቹ ከተመለሱ በኋላ የመንግሥት ገንዘብ የሄደበትን አቅጣጫ የበጀት ሰነድ ይነግረናል። በጥር 2014 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አጸደቀ፤ ትልቁ ድርሻ ለጸጥታ ነበር። በሚያዝያ 2014 የዓለም ባንክ በግጭት ለተጎዱ አካባቢዎች 300 ሚሊዮን ዶላር ዕርዳታ ፈቀደ፤ አማራ ክልልም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነው። ያ ገንዘብ ያተኮረው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ውኃና የተጎዱ ሴቶች አገልግሎት ላይ ነው፤ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው። ለ2015 በጀት ዓመት ከ786 ቢሊዮን ብር በላይ ሲያዝ ለመልሶ ግንባታ 20 ቢሊዮን ብር ተመደበ። የገንዘብ ሚኒስቴር ያስጠናው የጉዳት ግምገማና የመልሶ ማቋቋም ዕቅድ በበኩሉ ለአምስት ዓመት የሚያስፈልገውን 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አደረሰው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ያማል። በጊዜው አንድ ዶላር ከ50 ብር በላይ ይመነዘር ስለነበር፣ የተመደበው ለአንድ ዓመት ከተጠየቀው ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ነበር። ከዚህ ቀጭን ገንዘብ ላይ ድልድይ፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ቀድመው ይቆማሉ። ትንሹ ሱቅ የመጨረሻው ሰልፈኛ ነው።

ለነጋዴ የቀረው መንገድ በነባሩ ብድር በኩል የሚመጣ ፋታ ነው፤ ማሸጋሸግና የእፎይታ ጊዜ። ፋታ ለምን እንደሚያስፈልግ የባንክ ደንብ ያልገባው አንባቢ ላይታየው ይችላል። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር ከጤነኞቹ ተርታ ይወጣል፤ ባንኩ የብድሩን 20 በመቶ ከራሱ ገቢ ለመጠባበቂያ ይይዝበታል። 180 ቀን ሲያልፍ መጠባበቂያው ግማሽ ይሆናል፤ ዓመት ሲሞላው ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ ይቆጠራል። ለባንኩ እንዲህ ያለ ደንበኛ አዲስ ብድር የሚሰጠው ሰው መሆኑ ይቀራል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ደሴ ከተያዘችበት ቀን ቢቆጠር፣ 90ው ቀን የሚሞላው በጥር 2014 ነው፤ ተፈናቃይ ወደ ቤቱ እየተመለሰ፣ መዝጊያ እያስጠገነ ባለበት ወር። ጊዜ ማራዘም ነጋዴውን ከሐራጅ ያድነዋል። መደርደሪያው ላይ ዕቃ ግን አያስቀምጥለትም። የተዘረፈ ሰው የቀድሞ ዕዳው ወለድ እየቆጠረበት፣ በባዶ ሱቅ ውስጥ ይቀመጣል።

አዲስ ብድር ለማግኘት መያዣ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የፒያሳ ታሪክ ራሱ ይገባል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በነባር የኢትዮጵያ ከተሞች መሐል ያሉ ብዙ ሱቆች የቀበሌ ወይም የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ናቸው። ነጋዴው ሠላሳ ዓመት የሠራበትን ቤት ማስያዝ አይችልም፤ የእሱ አይደለም። በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ሸቀጥ፣ ማሽንና ከብት ለመያዣ እንዲሆኑ በር ከፍቷል፤ መልካም ሕግ ነው። ዘራፊ መጀመሪያ የሚወስደው ግን የሚንቀሳቀሰውን ነው።

ኢንሹራንስስ? ተራው የእሳትና የሌብነት ውል ጦርነትን አይሸፍንም፤ ለፖለቲካ ሁከትና ለሽብር ጉዳት የሚገዛው ሽፋን ለብቻው ነው፤ ገዢዎቹም ባመዛኙ ትልልቆቹ ድርጅቶች ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ዓመታዊ ገቢው ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነውን ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ውስጥ አስገብቶ፣ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ሳይጥልበት በቁርጥ ግምት ግብር እንዲከፍል አድርጎ ነበር። የታሰበው ለእሱ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር የማይችለውን ሰው ከጣጣ ማዳን። ውጤቱ ግን መንግሥት ስለዚህ ነጋዴ በእጁ ያለው ብቸኛ ጽሑፍ የግብር ግምቱ ሆነ። ያንን ግምት ደግሞ ነጋዴው ዝቅ እንዲልለት ሲከራከር ኖሯል። ከዘረፋው ማግስት ስንት እንደጠፋበት ሲጠየቅ፣ እውነተኛውን ቢናገር ግብር ሲያሳንስ እንደኖረ ይመሰክርበታል፤ የግብሩን ቁጥር ቢናገር ጉዳቱ ከእውነቱ ያንሳል። በሁለቱም መንገድ ይጎዳል። የጉዳት ጥናቶቹ፣ የገንዘብ ሚኒስቴሩም ሆነ በክልሉ መንግሥትና በዩኒቨርሲቲዎች የተደረጉት፣ ለፋብሪካና ለመንግሥት ተቋም ንብረት በሰነድ ሲደገፉ፣ ስለ ትንሽ ሱቅ በቃልና በግምት ላይ መቆማቸው ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ ወለድም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ1999ኙ ቆጠራ በደቡብ ወሎ ከአሥር ሰው ሰባቱ ገደማ ሙስሊም ነው፤ በደሴ ከተማም ሙስሊሙ ከግማሽ በላይ ነበር። ወለድ በሃይማኖቱ የተከለከለበት ነጋዴ «በአነስተኛ ወለድ» የቀረበ የአደጋ ብድር ለእሱ እንደቀረበ አይቆጥረውም። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በ2004 አካባቢ በነባር ባንኮች ውስጥ በመስኮት፣ በ2011 ደግሞ ራሱን በቻለ ባንክ ደረጃ ፈቅዷል፤ ዘምዘምና ሂጅራ በ2013 ሥራ ጀምረዋል። ለወሎ የሚታሰብ ማንኛውም የአደጋ ብድር በዚህ መንገድም ካልተዘጋጀ የከተማውን እኩሌታ ከበር ይመልሳል።

ሌሎች አገሮች በዚህ ጉዳይ የሄዱበት መንገድ ሁለት ገጽ አለው። በአሜሪካ ለአደጋ ተጎጂ ማበደር የተጀመረው በፈረንጆች 1933 ከሎንግ ቢች የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ነው፤ በ1953 የትንንሽ ንግዶች አስተዳደር ሲቋቋም ሥራው በሕግ ወደዚያ ዞረ። ብድሩ እስከ 30 ዓመት ሊከፈል ይችላል፤ ከሌላ ቦታ ብድር የማያገኝ ሰው ወለዱ ከ4 በመቶ አይበልጥበትም፤ መያዣ ስለሌለው ብቻ አይከለከልም፣ ያለውን ያስይዛል። ለፈረሰ ንብረት የሚሰጠውና ንብረቱ ሳይነካ ገበያው ለሞተበት ሰው የሚሰጠው ብድር ተለይተዋል። ሴን በወሎ ያየው ሸማኔ ይህ ሁለተኛው ይመለከተው ነበር። ትልቁ ቁም ነገር ሕጉ አደጋውን ቀድሞ መጠበቁ ነው፤ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር አዲስ ኮሚቴ አይመረጥም።

ጃፓን ሌላውን ገጽ ታሳየናለች። በፈረንጆች መስከረም 1923 ቶኪዮና ዮኮሐማ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ሲወድሙ መንግሥት በተጎጂው አካባቢ የነበሩ የንግድ ሰነዶችን ማዕከላዊ ባንኩ እንዲቀበል አደረገ፤ «የመንቀጥቀጥ ሰነዶች» ተባሉ። የጃፓን ባንክ የተቀበለው 430 ሚሊዮን የን ደረሰ። ቆይቶ ሲጣራ ከመንቀጥቀጡ በፊት የከሰሩ ትልልቅ ድርጅቶች ዕዳቸውን በተጎጂ ስም አስገብተው ነበር፤ ካልተከፈለው ውስጥ ትልቁ ድርሻ የታይዋን ባንክና የደንበኛው የሱዙኪ ኩባንያ ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩ በ1927 ፓርላማ ሲቀርብ የባንክ ሩጫ አስነሣ፤ ሱዙኪም ወደቀ። በትንሹ ስም የተከፈተ በር ትልቁን አስገባ። የአደጋ ብድር ማን እንደተጎዳ የሚያሳይ ታማኝ መዝገብ ሳይኖረው ሲቀር የሚሆነው ይኸው ነው።

በኢትዮጵያ ከ2014 በኋላ የመጣው ዘመን ለማገገም አልተመቸም። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ ተስፋ ሲታይ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል በተነሣው አዲስ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን፣ ነሐሴ 2015፣ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት የባንኮች ብድር ዓመታዊ ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት ነበረው። ለፒያሳ ነጋዴ ግን ትርጉሙ አንድ ነው፤ በ2014 የጠፋበትን ዕቃ መልሶ ለመግዛት የሚያስፈልገው ብር እጥፍ ሆነ፣ ያንን ብር የሚያበድረውም ጠበበ።

በ2017 የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድ ማቋቋሚያ አዋጅ ጸድቋል። ለአደጋ የሚሆን ገንዘብ አደጋው ሳይመጣ መቆጠብ አለበት የሚለው መነሻው ትክክል ነው፤ ከሃምሳ ዓመት የኮሚሽን ታሪክ በኋላ የተገኘ ትምህርት ነው። ፈንዱ ከእህልና ከድንኳን አልፎ ለትንሽ ንግድ መልሶ ማቆሚያ ብድር ቋሚ ድርሻ ሊኖረው ይገባል፤ በጸደይና በሌሎቹ የክልል ተቋማት በኩል የሚሰጥ፣ በቡድን ዋስትና ያልታሰረ፣ ከወለድ ነፃ አማራጭ ያለው፣ የመጀመሪያው ክፍያ ሱቁ ከተከፈተ ወራት በኋላ የሚጀምር። ማን ምን እንዳጣ ለማረጋገጥ የሚቀርበው ማስረጃም በግብር ላይ መክሰሻ እንዳይሆን ሕጉ ራሱ መከልከል አለበት።

እስከዚያው ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው ሊያደርጉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ2014 ክረምትና በጋ በየቀበሌው የተሞሉ የጉዳት ቅጾች፣ የዕቁብ ዳኞች ደብተሮች፣ የአከፋፋዮች የዱቤ ሰነዶች ከየመሳቢያው ወጥተው ይሰብሰቡ። የከተሞቹ ንግድ መምሪያዎች፣ የንግድ ምክር ቤቶቹና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል በአንድ ላይ ይያዙት። ወረቀት በእርጥበትና በአይጥ እየጠፋ ነው፤ የሚያስታውሱትም ሰዎች እያረጁ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚያ ቅጾች አንዱ ወይም የተረፈ የዱቤ ደብተር በቤትዎ ካለ እንዳይጥሉት፤ ለልጆችዎ ያሳዩት፣ ቅጂውንም ለዩኒቨርሲቲው ይስጡ።